ለፍልሰታ ትደርሻለሽ?

ኪትኖስ፣ ጁላይ 12 ቀን 1984

ለእህቴ ለፉላ፣

ደብዳቤሽን ፒሬዎስ ላይ ሻንጣዬን ይዤ ከቤት ስወጣ የአከራዬ ልጅ ደረጃው ላይ አቀበለችኝ። ያነበብኩት ግን እዚህ ጀልባው ላይ፣ እግሬን ውኃ ውስጥ ነክሬ ነው። እኔ ጤና ነኝ። አንቺም እማማም አባባም ጤና ሁኑልኝ።

እንግዲህ ለጥያቄዎችሽ በተርታ ልመልስ። ወንድ የለም። ያለው ዶክተር ፓንዴሊስ ነው፤ ይኸን ሁሉ ዓመት ጥርስ ሲነቅል ጎኑ ቆሜ ትሪ የምይዝለት ያው አሠሪዬ። ክሊኒኩን ለበጋው ዘግቶ ባለ ሸራ ጀልባ ተከራየና «የደሴት ልጅ አይደለሽ፣ ነይ አብረሽን ተዝናኚ» አለኝ። ሚስቱ ወይዘሮ ዴስፒናም አለች፤ ከተነሣን ጀምሮ ባልዲ አቅፋ ተኝታለች። ክሊኒኩ ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አያምም» የሚለው ሰውዬ እዚህ አድሚራል ሆኖልሻል። «ገመዱን ሳቢ» ይለኛል፤ የትኛውን ስለው ይቆጣል። እኛ ኦሊምፖሶች የተራራ ሰዎች መሆናችንን፣ ባሕሩን የምናውቀው ከላይ ወደ ታች እያየነው መሆኑን ለከተማ ሰው ማስረዳት ከንቱ ድካም ነው።

ለፍልሰታ ትደርሻለሽ ወይ ላልሽው፣ ነፋሱ ያውቃል። ሜልቴሚው፣ ያ የበጋው ነፋስ፣ ከሰሜን ተነሥቷል፤ ወዴት እንደሚጥለን እንጃ። ለእማማም እንደዚያው በያት።

ሦስተኛውን ጥያቄሽን አልመልስም። ያልመለስኩት ስላልገባኝ አይደለም።

ለመልሱ «አሞርጎስ፣ ፖስታ ቤት» ብለሽ ላኪልኝ። ስልክ ደውዪ እንዳትዪኝ፤ መንደራችን ያለው ስልክ አንድ፣ እሱም ቡና ቤት ውስጥ ነው። እኔ አንድ ቃል ሳልናገር ሰዉ ሁሉ ካርታ መጫወቱን ትቶ ጆሮውን ይቀስራል።

እህትሽ ካሊትሳ


ኦሊምፖስ፣ ጁላይ 19

ለወይዘሪት ነፋስ፣

ደህና ነን። እማማ ደህና ናት፤ አባባም የጉልበቱ ነገር ካልሆነ ደህና ነው፤ ፍየሎቹም ሰላም ይሉሻል። ሰላምታው እዚህ ላይ ያብቃ። አልመልስም ያልሽውን እኔ ደግሜ እጠይቅሻለሁ።

ኢሊያስን ታውቂዋለሽ። ዲያፋኒ ወደብ ላይ በትንሿ ጀልባው ሰው ከመርከብ የሚያወርደው፤ ልጆች ሆነን ሽንኩርት ወርውረሽበት ያለቀሰው። አሁን አያለቅስም፣ አድጓል። እናቱ ደግሞ ምን እንዳለች ልንገርሽ። እኔ እየሰማሁ፣ ዳቦዋን ከእቶኑ እያወጣች፣ «ልጅቷ ግሩም ናት፤ እጇም ምላሷም ሥራ አይፈታም። ግን ልጄን የት ልታስተኛው ነው? ፍየል በረት?» አለች። ቤት ያላመጣች ሴት ሙሽራ አትባልም ብላ ቁርጡን ነግራኛለች። እውነቷን ነው፤ እኔም ወንድ ልጅ ቢኖረኝ እንደዚያው እል ነበር።

ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ ነው። እርሻው የመጀመሪያዋ ነው። የወርቅ ድሪው የመጀመሪያዋ ነው። የአያታችንን ስም አንቺ ስለወረስሽ ቤቷም ለአንቺ ሆነ። ሁለተኛዋስ? ሁለተኛዋ የመጀመሪያዋን ልጆች ታዝላለች። አንቺ ደግሞ የማዝለው ልጅ እንኳ አልወለድሽልኝም። ሙሽራ የማይገባበት ቤት እየጠረግሁ ባዶ ጀርባዬን ይዤ ቀረሁ።

ስለዚህ ወይ ነይና ውሰጂው፣ ወይ ስጪኝ። ከሁለቱ የትኛውንም ብታደርጊ አልረግምሽም። አንጠልጥሎ መተው ግን ኃጢአት ነው። ስምሽን ሳልጠራ ቄሱን ጠይቄያቸው ነበር፤ ማን እንደሆነች ወዲያው ገባቸው።

እማማ ለፍልሰታ ድሪውን አጥልቀሽ በጭፈራው ፊት እንድትቆሚ ትጠብቃለች። ድሪ ያጠለቀችው ቤት እንዳላት አገር ሁሉ ያያል፤ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ድሪው ከሣጥን ወጥቶ አያውቅም። ኢሊያስም የሚጠብቀው ያንኑ ቀን ነው፤ የአንቺን አንገት ሳይሆን የእኔን ዕድል ሊያይ።

ፉላ

በዳር በኩል፦ የበዓል ቦት ጫማዎችሽን ሞክሬያቸው ነበር። ደርቀዋል።


አሞርጎስ፣ ጁላይ 28

ለፉላ፣

ደብዳቤሽን ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ላይ አነበብኩት፤ ዘወር ብዬ ደግሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ተናደድኩ። ንዴቴ በረድ ይበልልኝ ብዬ ሦስት ቀን አቆየሁት፤ ይኸው አልበረደም።

እንቅልፍ አጥቻለሁ። ዶክተሩ አንድ ደሴት በደረስን ቁጥር ቀጥሎ ያለው ይሻላል ይላል፤ ቀጥሎ ያለው ላይ ስንደርስ የቀደመው ይሻል ነበር ይላል። እስቅበት ነበር፤ አሁን እኔም ብሼ ተገኘሁ። መልሕቅ ሲጣል እንነሣ ይለኛል ሆዴ፤ ስንነሣ ምናለ በቆየን ይለኛል። ወይዘሮ ዴስፒና ትናንት ከባልዲዋ ቀና ብላ፣ «ካሊትሳ፣ እኔን የሚያመኝ ባሕሩ ነው፤ አንቺ ምን ሆነሽ ነው የምትንቆራጠጪው?» አለችኝ። ነፋሱ ነው አልኳት። እሱ ለሁሉም ይበቃል።

«ወይ ነይና ውሰጂው፣ ወይ ስጪኝ» ብለሻል። አልፈልገውም ያለሽ ማን ነው? እፈልገዋለሁ ያለሽስ ማን ነው? ፒሬዎስ ውስጥ የምኖረው በአንዲት ክፍል ነው፤ መስኮቱ ሲከፈት የሰው ልብስ ማስጫ ይታያል። ሰው አገርሽ የት ነው ሲለኝ «ኦሊምፖስ ላይ ቤት አለኝ» እላለሁ። ይህቺን አንዲት ቃል ለአንቺ ሰጥቼ እኔ ምን ልበል? አንቺ ቤት ነው የለመንሽኝ። ለእኔ ግን ሌላ ነገር ነው።

እማማ በሰው ልካ ያመጣችልኝን ባል እንድትመልሰው ንገሪያት። ባለ ወፍጮው ደግ ሰው ነው፤ ግን ሚስቱን ከቀበረ ዓመቱ አልሞላም፣ እኔም የሰው መጽናኛ ለመሆን ቤት አልወረስኩም።

ቦት ጫማዎቼን ደግሞ ከሚስማራቸው አታውርጂያቸው። የኔ ናቸው። የአንቺ እግር የድመት እግር ነው፤ ይሰፉሻል።

ከአስቲፓሊያ እጽፍልሻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ለሮድስ ፖስታ ቤት ላኪልኝ። እስከዚያ አትነዝንዢኝ፤ ኢሊያስ መርከብ ላይ ሊቀጠር ነው የሚባለው እውነት መሆኑን ብቻ ጻፊልኝ።

ካሊትሳ


ኦሊምፖስ፣ ኦገስት 3

እህቴ፣

ማክሰኞ ለት የላክሁት ደብዳቤ ከደረሰሽ ቅደጅው። ራስ ወዳድ ያልኩሽ ተናድጄ ነው። ቆሞ ቀር ያልኩሽም እንደዚያው። ሁለተኛውን በተለይ ይቅር በዪኝ። ለፖስተኛው በሰጠሁት በሰዓቱ ጸጽቶኝ እስከ ዲያፋኒ ቁልቁለቱን ሮጬ ነበር፤ ጀልባው ከወደቡ ወጥቷል። ኢሊያስ በጀልባዬ ልከተለው አለኝ። ሞተሩ ከውሻ ጩኸት በቀር ምንም እንደማይወጣው ታውቂያለሽ።

የጠየቅሽኝ እውነት ነው። ማን እንደነገረሽ አላውቅም፤ ከዚህ የሄደ ሰው አሞርጎስ ላይ አግኝተሽ ይሆናል። አዎ፣ ኢሊያስ ከበዓሉ በኋላ ዕቃ ጫኝ መርከብ ላይ ሊቀጠር ነው። ቤት ከሌለ ምን ያስቀምጠኛል አለ። አልደበቅሁሽም፤ ማስፈራሪያ እንዳይመስልብኝ ብዬ ነው ያልጻፍኩት።

እማማ ዕቃዋን ወደ ጓሮዋ ክፍል ማጋዝ ጀምራለች፤ የአባባን አልጋ፣ የዘይቱን ማሰሮ፣ የቅዱስ ሚናስን ሥዕል። ልጅ ስትገባ ወላጅ ይወጣል፤ ወጉ ነው። «ለማን ነው የምትለቂው?» ብዬ ጠየቅኋት። «ለሚመጣው» አለችኝ።

ጾሙን ይዘናል። አንቺ እዚያ ምን እንደምትበዪ አልጠይቅሽም።

እህትሽ ፉላ


አስቲፓሊያ፣ ኦገስት 9

ፉላ፣

እመጣለሁ። ሐሳቤን ሳልቀይር ይኸን አስቀድሜ ልጻፈው ብዬ ነው።

ቅደጅው ያልሽው ደብዳቤ ደርሶኛል፤ አልቀደድኩትም። ያልሽው ውሸት አይደለም።

ከትናንት በስቲያ ለጀልባው ውኃ ፍለጋ ወጥቼ አንዲት ሴት ደጃፍ ደረስኩ። ግቢና ቅጂ አለችኝ። ቤቷ የኛን ይመስላል፤ ያው ከፍ ብሎ የተሠራ የእንጨት መኝታ፣ ያው ግድግዳው ላይ የተደረደሩ ሳህኖች። ጨለም ያለ ነበርና እጄ ሳላዘው ወደ ግራ ሄደ፤ ከበሩ ጎን ካለችው ቀዳዳ ክብሪት ሊያነሣ። ቀዳዳ የለም። ግድግዳውን ስዳብስ ሴትየዋ «ምን ጠፋሽ?» አለችኝ። ፉላ፣ እዚያው ሰው ቤት ቆሜ አለቀስኩ። ሴትየዋ ደንግጣ ወንበር ሰጠችኝ። አሥራ አንድ ዓመት ፒሬዎስ ስኖር እጄ እንዲህ ሳላዘው የሄደበት አንድም ቦታ የለም።

ስለዚህ ቤቱን እወስደዋለሁ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ከእንግዲህ ሰው ጀልባ ላይ ገመድ ስስብ መኖር አልፈልግም። አንቺ ላይ ምን እያደረግሁ እንደሆነ አላወቅሁም አልልም። አውቄ ነው። ወይ ነይ ወይ ስጪኝ ብለሻልና መጣሁ። ስለ ኢሊያስ ተቀምጠን እንነጋገራለን፤ አንድ መላ አይጠፋም።

ዶክተሩን ለምኜዋለሁ። ነፋሱ ከኋላችን ስለሆነ ትሪስቶሞ ባሕረ ሰላጤ ድረስ በቀላሉ ያወርደናል አለ፤ ከዚያ በእግሬ እወጣለሁ። ለእማማ ድሪውን ከሣጥን ታውጣው በያት። ቦት ጫማዎቼንም በሞራ አሽተሽ አለስልሺልኝ።

ይህ ደብዳቤ ከኔ በፊት ይደርሳል ብዬ አምናለሁ። ተቆጪኝ፣ ግን በሩ ላይ ጠብቂኝ።

ካሊትሳ


ኦሊምፖስ፣ ኦገስት 16

ለእህቴ ለካሊትሳ፣ ሮድስ ፖስታ ቤት፣

አልመጣሽም።

ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት ሙሉ ነፋሱ የፖስታውን ጀልባ አግዶት ነበር። ደብዳቤ ጽፈሽ ከሆነ የሆነ ወደብ ላይ ተቀምጧል። ዕለት ዕለት ወደ ዲያፋኒ ሰው ስንልክ ባዶ እጁን ይመለሳል። ትናንት፣ ለፍልሰታ፣ ከቅዳሴ መልስ እማማ አንዴ ቁልቁል ወደ መንገዱ አየች፤ ከዚያ ገብታ ሣጥኑን ከፈተች። የምታወጣው ለማየት ያህል መስሎኝ ነበር። ድሪውን አንሥታ አራገፈችው፣ አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝና «ቀጥ ብለሽ ቁሚ» አለችኝ። ድሪው ይከብዳል፤ አንቺ ስታጠልቂው እንደዚህ ይከብድ እንደነበር ነግረሽኝ አታውቂም።

ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሼ፣ የጭፈራውን ረድፍ መርቼ ዞርኩ። ቱሪስቶቹ በዚያ አቧራ መንገድ መጥተው አደባባዩን ሞልተውት ነበር፤ ፎቶ ማንሻቸው ዓይኔ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረው። አባባ ማሲንቆውን ጉልበቱ ላይ አቁሞ እየመታ፣ እኔ ፊቱ ስደርስ እንዲህ ብሎ ገጠመ፦

ታላቅ ባሕር ወዳ ታናሽ ቤት ጠበቀች፤
ዘንድሮ ወርቁን ግን ጠባቂ አጠለቀች።

ወንዶቹ ጠረጴዛውን ደበደቡት። የኢሊያስ እናት መጥታ በሰው ፊት ሳመችኝ። ኢሊያስም መርከቡን ትቶታል።

አሁን ካሊትሳ፣ እግዜር ያሳይሽ፣ ደስ ብሎኛል። እንቅልፍ የነሣኝም እሱው ነው። የአንቺን ወርቅ አንቺ ሳትሰጪኝ አጥልቄ ደስ አለኝ። ተናደሽ ከሆነ ተሳደቢ፤ በስድብ አትታሚም። ዝም ብቻ አትበዪኝ። ቤቱን እመልሳለሁ እንዳልል ምላሴ እምቢ አለኝ፤ አልመልስም እንዳልልም አንቺን እፈራለሁ።

ነፋሱ ዛሬ በርዷል። ጀልባው ነገ ይመጣል ይላሉ።

ፉላ


ሮድስ፣ ኦገስት 20

ውድ ፉላ፣

እንኳን ደስ አለሽ። አትጨነቂ፤ ስድብ የለኝም፤ ቢኖረኝም ለሠርግሽ አቆየዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነፋሱ ክፉኛ በረታና ትሪስቶሞ መግባት አልቻልንም። ደሴታችንን ካርፓቶስን ከሩቅ አይተን አለፍን። የመንደሩን ወፍጮዎች ሲዞሩ አየኋቸው መሰለኝ፤ ምናልባት ወፎች ይሆናሉ። ወይዘሮ ዴስፒና ትንሽ ተሽሏት ቁጭ ብላ ነበር፤ አገሬን ሳሳያት «ድንጋይ ብቻ ነው» አለችኝ። ዶክተሩ ሁለተኛ ባሕር አልወጣም ብሎ እዚህ ሮድስ ላይ ጀልባውን አስረከበ፤ እኛም ነገ በትልቁ መርከብ ወደ ፒሬዎስ እንመለሳለን። ዕረፍቱ ይኸው ነው። ዕረፍት ከተባለ።

ቤቱ የአንቺ ነው። ለቄሱም በእጄ ጽፌላቸዋለሁ፤ በኋላ ማንም ሰበብ እንዳያነሣብሽ። እማማ ትክክል አደረገች። እኔ ከተማ የለመድኩ ሰው ነኝ፤ ከእናንተ ጋር ሁለት ሳምንት ብቀመጥ ከፍየሎቹ ጋር እጣላለሁ። ቀድሞም ልሰጥሽ አስቤ ነበር፤ አመሌን ታውቂው የለ፣ ማስጨነቅ እወዳለሁ።

ከአስቲፓሊያ የጻፍኩት አንድ ደብዳቤ የሆነ ቦታ ቀርቷል። ከደረሰሽ ሳትከፍቺው እቶን ውስጥ ጣይው። የባሕር ሕመም አዙሮኝ የጻፍኩት ቅዠት ነው።

ኢሊያስን ሽንኩርቱን ይቅር በለኝ በዪልኝ። ጉልበቱን የሚያመውን አባባን ሳሚልኝ። ደግሞ ቦት ጫማው ውስጥ ሱፍ መጠቅጠቁን ተዪው፤ ቆዳውን ያበላሸዋል፤ በዚያ ላይ ግራው ያስነክስሻል። ለሠርግሽ የራስሽን አሰፊ።

እህትሽ ካሊትሳ


ኦሊምፖስ፣ ኦገስት 29

ካሊትሳ፣

ጀልባው ሁለቱን ደብዳቤዎችሽን በአንድ ከረጢት አመጣቸው። ቀናቸውን አይቼ ቀድሞ የተጻፈውን ቀድሜ ከፈትሁ። እቶን ውስጥ ጣይው ማለትሽን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው።

እመጣለሁ ያልሽበትን አነበብኩ። የክብሪቷን ቀዳዳም አነበብኩ። ከዚያ ነፋሱ እንዴት እንዳሳለፋችሁ አነበብኩና አመንኩሽ። ጫማው ጋ እስክደርስ።

ቦት ጫማዎችሽን እንዳጠለቅሁ አልጻፍኩልሽም። አታውርጂ ብለሽኝ ስለነበር አፍሬ ነው የዘለልኩት። ሱፍ መጠቅጠቄን ከእማማ በቀር ማንም አያውቅም። ግራ እግሬን ማነከሴን ያየ ደግሞ አደባባዩ ላይ የነበረ ሰው ብቻ ነው።

ጠየቅሁ። ባለ ወፍጮው፣ ያ ልታገቢው ያልፈለግሽው ሰውዬ፣ አንዲት ባለ ሱሪ ሴት ፎቶ ከሚያነሡት ቱሪስቶች ጀርባ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር አለኝ። ባርኔጣ አድርጋለች አለኝ። ደህና ዋይ ስላት በኛው አነጋገር መለሰችልኝ፤ የት የተማረች ቱሪስት ናት ብዬ ገረመኝ አለ።

ወደ እማማ ሄድኩ። ጓሮ ካለችው ክፍሏ ደጅ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። ካሊትሳ መጥታ ነበር አልኳት። እጇ አልቆመም።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «አንቺ ሁለተኛውን ዙር ስትዞሪ ነው ያየኋት። ሱሪ ብትለብስ አቋቋሟን አጣዋለሁ? እኔ ነኝ የወለድኳት።»

«ታዲያ ለምን አልጠራሻትም?»

«ብጠራት ያንቺን አንገት ባዶ ላደርግ ነው። ባልጠራት የሷን። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ብትራመድ ድሪውን ካንቺ አውልቄ ለሷ አጠልቅላት ነበር፤ ወጉ የሷ ነው። ዓይኗን እያየሁ ጠበቅኋት። እሷም አየችኝ። ከዚያ ዞራ ወረደች።»

ባቄላውን ጨርሳ ልጣጩን ለፍየሎቹ በተነች። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ወደ ትሪስቶሞ የሚወርደውን መንገድ እያየች ትቀመጣለች።

ልመልስልሽ ነበር ብዬ አልዋሽሽም። አልመልስም፣ ካሊትሳ። ሠርጉ በጥቅምት ነው፤ ቤቱን ቀብተናል፤ ኢሊያስ የሚያፈሰውን ጣሪያ እየደፈነ ነው። ወስጄብሻለሁ፤ አውቄ ወስጄብሻለሁ። አንቺ ከግድግዳው ስር ቆመሽ እኔ በጫማሽ ስጨፍር እንዳየሽኝ ሳስብ ግን የያዝኩትን ጥዬ ከቤቱ እወጣለሁ። ከዚህ ቀደም የሰጠሽኝ ነገር ሁሉ የተረፈሽ ነበር። ይኸ አልተረፈሽም ነበር።

አንቺም ከእንግዲህ ለሰው ኦሊምፖስ ላይ ቤት አለኝ ማለትሽን አትተዪ። የሚጠይቅሽ ካለ ወደኔ ላኪው።

ክብሪቱ ከበሩ በስተግራ፣ ቀዳዳዋ ውስጥ ነው። ኢሊያስ እቀባለሁ ብሎ ሊደፍናት ነበር፤ ጮኼበት ተወ።

የራሴን ቦት ጫማ አዝዣለሁ፤ ለልኬ። ያንቺን ሱፉን አውጥቼ፣ በሞራ አሽቼ ሚስማሩ ላይ መልሼ ሰቅያቸዋለሁ። ለማንም አላውሳቸውም።

ፉላ